«ሙሉ» እና «ግማሽ»፦ በከዚራ አንድ ሩዝ ቤት ያየሁት የሰሀን መጠን

እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ምግብ የሚነሳው ጥያቄ ሁለት ሆኗል፤ አንደኛው ምን ይበላል የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ምን ያህል ይበላል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ሐኪሟም፣ ጎረቤቱም፣ ዘመድ አዝማዱም በየተራ ይመልሱልናል። ሁለተኛው ግን ከቤት ወጥተን በበላን ቁጥር መልስ ያጣ ነበር፤ በከተማችን ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን መጠን የሚወስነው የአብሳዩ ጭልፋ ነውና። ስለዚህ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ጥላማ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሩዝ ቤት ከ«ሙሉ» ሌላ «ግማሽ» የሚባል ሰሀን በግማሽ ዋጋ ያቀርባል ሲባል ስሰማ፣ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሄጄ በላሁ። ይህ ግምገማ የእነዚያ አራት ምሳዎች ውጤት ነው። ቤቱ በበሩ ላይ የተሰቀለ ስም የለውም፤ ደንበኞቹ የሚጠሩት በባለቤቱ ስም ስለሆነ የግለሰብ ስም እዚህ ማንሳት አልፈለግሁም። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው በቀትር ከግቢው የሚወጣውን የሄልና የቅርንፉድ ሽታ ተከትሎ ያገኘዋል።

አስቀድሜ ስለ ምግቡ ልናገር፤ ምግቡ መልካም ባይሆን ኖሮ ስለ መጠኑ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ሩዙ በፍየል ሥጋ መረቅ የበሰለ ሲሆን ፍሬው ከፍሬው ሳይጣበቅ፣ ሳይደርቅም ይቀርባል። ቀረፋው ጎልቶ አይሰማም፤ አልፎ አልፎ ዘቢብ ይገኝበታል። ሥጋው ከወርች ወይም ከጎድን ይመረጣል፤ ወርቹ በጣት ሲነካ ከአጥንቱ የሚላቀቅ ዓይነት ነው። ከጎኑ አንድ ሙዝ፣ ግማሽ ሎሚ፣ በትንሽ ሳህን ደግሞ በአረንጓዴ ቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተፈጨ ዳጣ አብረው ይመጣሉ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና ሩዝ በእኛ ዘንድ የበዓል ምግብ ሳይሆን የዘወትር ምሳ ነው፤ ይህ ቤት ያንን የዘወትር ምሳ በጥንቃቄ ከሚሠሩት መካከል አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ሄጄ ሙሉ አዘዝሁ። ሰሀኑ ሞላላና ሰፊ ነው፤ ሩዙ መሐሉ ላይ ተከምሮ ሥጋው ከላይ ይጫናል። ሒሳብ የምትቀበለውን ሴት ጉዳዬን በዝርዝር ነግሬያት ስለነበር፣ ወጥ ቤቱ ሥጋ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ ባዶው ሰሀንም የሞላው ሰሀንም እንዲመዘን ፈቀደችልኝ። ምግቡ ከነአጥንቱ ስምንት መቶ ሃያ ግራም ያህል ሆነ። በላሁ። ከተከመረው ሩዝ ሁለት ሦስተኛውን እንደጨረስሁ ጠግቤ ነበር፤ ሆኖም ሥጋው ገና ስለነበር ሥጋውን በሩዝ፣ ሩዙን በዳጣ እያልሁ ቀጠልሁ። በመጨረሻ እጄን ስሰበስብ ሰሀኑ ላይ የቀረው፣ አጥንቱን ጨምሮ፣ መቶ ሃምሳ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሰዓት በድሬ ሙቀት ውስጥ እንዴት እንዳሳለፍሁት የከተማዬ ሰው ያውቀዋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከእንቅልፍ ጋር ስታገል ዋልሁ።

በሳምንቱ፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት፣ ቁርሴንም እንደ መጀመሪያው ቀን ፉል በዳቦ በልቼ፣ ግማሹን አዘዝሁ። በሚዛኑ ላይ አራት መቶ ሃምሳ ግራም ያህል ሆነ፤ እንግዲህ ስሙ ግማሽ ቢሆንም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዋጋውም እንዲሁ ከሙሉው ግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ተተምኗል። አጥንት ብቻ ሲቀር እጄን ታጠብሁ። ይጨመርልኝ የሚል ስሜት አልነበረኝም፤ እስከ ማታም አልራበኝም። በሁለቱም ቀን ስነሳ «ጠግቤያለሁ» ያልሁት እኔው ነኝ፤ በሁለቱ ቀናት የበላሁት ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ረሃቤ ሳይሆን ፊቴ የተቀመጠው ሰሀን እንደነበር አሁን አልጠራጠርም።

የአንድ ሰው ሁለት ምሳ ማስረጃ አይሆንም፤ ይሁንና ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ በጥንቃቄ የተጠና ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት 51 ሴቶችና ወንዶች በተለያዩ ቀናት ለምሳ አንድ ዓይነት ማካሮኒ በአይብ ቀረበላቸው፤ መጠኑ ግን በየቀኑ ይለያይ ነበር፦ 500፣ 625፣ 750 እና 1000 ግራም። ትልቁ በቀረበላቸው ቀን ተመጋቢዎቹ ትንሹ ከቀረበላቸው ቀን ይልቅ 30 በመቶ የሚበልጥ ኃይል (ካሎሪ) ያለው ምግብ በሉ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከምሳ በኋላ ስለ ረሃባቸውና ስለ ጥጋባቸው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በሁሉም ቀናት ተቀራራቢ ነበር፣ መጠኑ እንደሚለያይ ያስተዋሉትም ከግማሽ በታች ነበሩ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የከዚራው ሙሉ ሰሀን ፊቴ ድቅን አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያሰላ ሥራ ደግሞ የቀረበው መጠን እጥፍ ሲሆን የሚበላው በአማካይ 35 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ማለትም ሰው የቀረበለትን ሁሉ አይበላም፤ ነገር ግን ብዙ በቀረበለት መጠን ብዙ ይበላል። በካምብሪጅ ተመራማሪዎች መሪነት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 72 ጥናቶችን መርምሮ ትላልቅ መጠኖች፣ ማሸጊያዎችና ዕቃዎች ሰዎች አብዝተው እንዲበሉ እንደሚያደርጉ በተመሳሳይ ደምድሟል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማከል ግዴታዬ ይመስለኛል። በዚህ ርዕስ ላይ በየቦታው የሚጠቀሰው በሥውር ከሥር እየተሞላ ስለማያልቀው የሾርባ ሳህን የሚተርከው ጥናት ነው። ያን ጥናት የመሩት አሜሪካዊው የአመጋገብ ተመራማሪ ብራያን ዋንሲንክ ብዙ ጽሑፎቻቸው ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2018 የምርምር ሥነ ምግባር መጣሳቸውን አረጋግጧል፤ ስለዚህ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢማርክ እኔ አልደገፍበትም። የሰሀን መጠን ነገር ያለ እርሱም በቂ ማስረጃ አለው።

ወደ ሩዝ ቤቱ ልመለስ። ግማሹን ባዘዝሁበት ቀን ያላስደሰተኝ ነገር ግማሹ ምግብ በዚያው በሰፊው ሞላላ ሰሀን መቅረቡ ነበር። ሩዙ መሐል ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ተቀምጦ ዙሪያው ባዶ ስለነበር ያዘዝሁት ምሳ ሳይሆን ከሌላ ሰው የተረፈ ይመስል ነበር። በአጠገቤ ገበታ የነበሩ አንድ አባት አይተው «ልጄ፣ ገንዘብ አጥሮሽ ከሆነ ከእኛ ጋር ብይ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር፤ አመስግኛቸው ጉዳዩን ስነግራቸው እርሳቸውም የደም ግፊት እንዳለባቸው አጫወቱኝ። ሆኖም ይህ ቸርነታቸው ችግሩን በግልጽ አሳየኝ፤ በእኛ ዘንድ ጥቂት መብላት የማጣት ምልክት ሆኖ ይታያል፣ ግማሽ ማዘዝ የሚያሳፍራቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። የቤልጅጉ ፈላስፋና የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴልቦፍ እ.ኤ.አ. በ1865 እንደገለጸው አንድ ክብ ነገር በሰፊ ክብ ውስጥ ሲቀመጥ ለዓይን ያንሳል፣ በጠባብ ክብ ውስጥ ሲቀመጥ ይተልቃል። ሰሀን ማሳነስ ብቻውን ሰው የሚበላውን ይቀንሳል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም፤ እኔም አንድ ሰው ትንሽ ሰሀን ገዝቶ ከስኳር ሕመም ይድናል አልልም። ለግማሽ ምግብ ለግማሽ የሚመጥን ሰሀን ማቅረብ ግን የደንበኛን ክብር መጠበቅ ነውና ቤቱ ቢያስብበት እወዳለሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴን፣ ወንድሜንና የወንድሜን ሁለት ልጆች ይዤ ሄድሁ። ከአራቱ ምሳዎች ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ይህኛው ነው። ለአራታችን በትሪ የሚቀርበውን አዘዝን፣ ለእናቴ ደግሞ ግማሹን ለብቻ። በትሪ ሲበላ የማን ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ አይታወቅም፤ ፈጥኖ የሚበላው ሰው የሁሉንም ፍጥነት ይወስናል፣ ጉርሻም አለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል» እየተባለ ያደገ ሰው እንዴት አድርጎ የበላውን ይቆጥራል? የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ለብቻ ሰሀን ቀርቦለት ከቤተሰቡ ገበታ ተለይቶ ሲበላ ምግቡ ከአንጀቱ ጠብ አይልም፤ እናቴም ቤት ውስጥ ሰሀኗን ይዛ ወደ ማድ ቤት የሄደችበትን ቀን አልረሳም።

አስተናጋጁ ወጣት ልጅ ነው። የእናቴን ግማሽ ሰሀን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ቆም አለ፤ ከዚያ ትሪውን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ፣ የእኛን ሩዝ በማንኪያ ጀርባ ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ፣ በተከፈተው ቦታ ሰሀኑን ከእናቴ ፊት ለፊት ትሪው ላይ አስቀመጠው። «እማማ፣ ከልጆችዎ ጋር ይብሉ፤ ይሄ ግን የርስዎ ነው» አላት። እናቴ ከሁላችን ጋር በአንድ ትሪ በላች፤ የበላችውን ግን አወቀች። ማንም ያዘዘው አልነበረም፣ በሜኑም ላይ አልተጻፈም። ቤቱ ይህንን ልማድ አድርጎ ቢይዘው፣ ሌሎች ምግብ ቤቶችም ቢማሩት ከልቤ ደስ ይለኛል።

ስለ ልጆቹም አንድ ነገር ልበል። የወንድሜ ትልቁ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሹ ሦስት። ወንድሜ ለሁለቱም በየሳህናቸው እኩል ሞልቶ ሰጣቸው። ትንሹ ጥቂት ጎርሶ ከሙዙ ጋር መጫወት ጀመረ፣ በልመናም አልተመለሰም፤ ትልቁ ግን የተሞላለትን ሁሉ ጨረሰ። ሮልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 በሦስትና በአምስት ዓመት ልጆች ላይ ያዩት ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ የቀረበው መጠን ሲጨምር የአምስት ዓመቶቹ አብዝተው በሉ፣ የሦስት ዓመቶቹ ግን የመጠኑ ለውጥ አልነካቸውም። ሕፃን ሲጠግብ ይተዋል፤ «ጨርስ፣ እህል ክቡር ነው» እየተባለ ሲያድግ ግን ከሆዱ ይልቅ ሳህኑን ማዳመጥ ይለምዳል። እህል ክቡር መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ይሁንና ክብሩን የምንጠብቀው ሲጀመር የሚበቃውን ብቻ በመጨለፍ ቢሆን ይሻላል። በሌላ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ልጆች ትልቅ መጠን ተደርጎ ከሚቀርብላቸው ይልቅ ራሳቸው እንዲጨልፉ ሲፈቀድላቸው ከዋናው ምግብ 25 በመቶ ያነሰ በልተዋል። ቤቱ ለልጆች ባዶ ሳህንና ትንሽ ማንኪያ ሲጠየቅ ያለ ማንገራገር ያመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወንድሜ እንዲሞክረው አሳስቤዋለሁ።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማይገባኝ መረቁ ነው። ሩዙ ከመምጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ትኩስ የፍየል መረቅ ከሎሚ ጋር ይቀርባል፣ ዋጋ አይጠየቅበትም። ብዙ ሰው ሩዙ እስኪመጣ ሳይነካው ይተወዋል። እኔ ግን አስቀድሞ መጠጣቱን እመክራለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ከምሳ በፊት ካሎሪው አነስተኛ የሆነ የአትክልት ሾርባ የጠጡ ሰዎች የሾርባው ኃይል እንኳ ተቆጥሮ በጠቅላላው 20 በመቶ ያነሰ በልተዋል። የዚህ ቤት መረቅ በአንዳንድ ቀን ስቡ ተንሳፎ ይመጣል፤ በአራተኛው ቀን ስቡ ተገፎ እንዲመጣ ጠይቄ ያለ ችግር ተደርጎልኛል።

ቅሬታዎቼ ግን አሉ። ትልቁ ቅሬታዬ አስተናጋጆቹ ሳይጠየቁ ሩዝ መጨመራቸው ነው። ድስቱን ይዘው በየገበታው ይዞራሉ፣ ሰሀን መሐሉ ጎደል ሲል አንድ ጭልፋ ያወርዳሉ። ይህ የድሬ ለጋስነት ነው፣ የሚያስከፍሉትም የለም፤ ነገር ግን ግማሽ ያዘዘ ሰው በሁለት ጭልፋ ወደ ሙሉው ይመለሳል። እንጀራ በሚበላባቸው ቤቶችም ያው ነው፤ ተጠቅልሎ ሳይጠየቅ የሚመጣው ተጨማሪ እንጀራ መጥቷልና ይበላል። ያ ወጣት አስተናጋጅ ብቻ «እማማ፣ ልጨምርልዎት?» ብሎ ጠየቀ፣ እናቴም «በቃኝ ልጄ፣ ተባረክ» አለችው። መጠየቅ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው፣ ግማሹ ሰሀን ሩዙንም ሥጋውንም ሰላጣውንም እኩል ይቀንሳል። ነጭ ሩዝ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ስለሚያደርግ እንደ እናቴ ላለ ሰው የሚጠቅመው ሩዙ እንዲቀንስ፣ ሰላጣው ግን እንዲጨምር ነው። በሙሉው ሰሀን ላይ እንኳ ያለው ሰላጣ ሁለት ቁራጭ ቲማቲምና ጥቂት ጥቅል ጎመን ነው፤ በግማሹ ላይ ለስም ያህል ብቻ ይቀራል። ሦስተኛው ጭማቂው ነው። የማንጎውም የፓፓያውም መጠን አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ትልቅ ብርጭቆ ሆኖ ሳይነገር ስኳር ይጨመርበታል። ምግቡን በግማሽ የሚሸጥ ቤት ጭማቂውን በግማሽ ብርጭቆ የማይሸጥበት ምክንያት አልታየኝም፤ እናቴም ውኃ ጠጥታ ተነሳች።

ግማሹን የሚያዝዙት እነማን እንደሆኑ ሒሳብ ተቀባይዋን ጠይቄያት ነበር። ሴቶች፣ ተማሪዎችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው አለችኝ። ወንዶቹ ከበርጫ፣ ማለትም ጫት ለመቃም ከሚቀመጡበት ሰዓት፣ በፊት ስለሚመጡ ሙሉውን ይፈልጋሉ። ይህ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ብዙዎች እራት እንደማይበሉ አስቀድመው አውቀው የቀኑን ምግብ ሁሉ በአንድ ምሳ ላይ ይጭናሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ሰሀኑ እየሰፋ መሄዱ፣ ከዚያም ያ ሰፊ ሰሀን በርጫ ለማይቀመጠው ሁሉ መደበኛ መጠን መሆኑ ያሳስበኛል። እናቴ የምትበላው በሌላ ሰው ከሰዓት ልክ የተሰፈረ ምሳ ነበር።

ስለ ቀሪው በአጭሩ፦ የእጅ መታጠቢያው ንጹሕ ነው፣ ሳሙናም አይጠፋም፤ ግቢው በዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ ከውስጠኛው ክፍል ይልቅ እዚያ መቀመጥ ይሻላል፤ አገልግሎቱ ፈጣን ነው፣ ከዓርብ በስተቀር። የተረፈ ምግብ በንጹሕ ዕቃ ይታሸጋል፤ ሙሉ ያዘዘ ሰው መብላት ከመጀመሩ በፊት ግማሹን እንዲያሽጉለት ቢጠይቅ ያደርጉለታል፣ እኔም በአራተኛው ቀን እንዲሁ አድርጌ ለማታ ወደ ቤት ወስጃለሁ።

እናቴ አሁን በየሁለት ሳምንቱ እንድወስዳት ትጠይቀኛለች። ትእዛዟንም ራሷ ትሰጣለች፦ «ግማሽ፣ ከወርቹ፣ ሩዙን ቀነስ አድርገህ፤ ሰሀኑን ትሪው ላይ አድርግልኝ።» ወርቹን የሚፈልግ ሰው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ቢደርስ ይሻለዋል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚቀረው ጎድን ብቻ ነው።